ሆጤ ገብቶ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ለማየት

የእንግሊዝን ሊግ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚከታተል፣ የተጫዋቾቹን ስምና የመለያ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ወጣት በደሴም፣ በኮምቦልቻም፣ በወልድያም ሞልቷል። የከተማው ክለብ የሚጫወትበትን ሜዳ ግን ረግጦ የማያውቀው ከእነዚሁ መካከል ብዙ ነው። «የታችኛው ሊግ ጨዋታ ምኑ ይታያል?» ለሚለው ጥያቄ እኔ ያለኝ መልስ አንድ ነው፤ አንድ ጊዜ መጥታችሁ እዩት። ይህን መመሪያ የጻፍኩትም ወደ ሆጤ፣ ማለትም ወደ ደሴው ስታዲየም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው ነው። የመረጥኩት የሊግ ጨዋታ ሳይሆን የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ነው፤ ምክንያቱም ስሙ ራሱ እንደሚናገረው አንዱ ሌላውን ጥሎ ያልፋል፣ የተሸነፈው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነጥብ ተጋርቶ መለያየት የሚባል ነገር ስለሌለ አዲስ ተመልካች የጨዋታውን ትርጉም ለመረዳት የደረጃ ሰንጠረዥ ማጥናት አያስፈልገውም።

1. ጨዋታው የት፣ መቼና በምን ደንብ እንደሆነ አጣሩ

በታችኛው ሊግ የወጣ መርሐ ግብር ሁሉ እንደ ወጣ አይጸናም። የእንግዳው ቡድን አውቶቡስ መንገድ ላይ ሊቆይ፣ ዝናብ ሜዳውን ሊያጨቀይ፣ ስታዲየሙ ለሕዝባዊ ስብሰባ ሊፈለግ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ አጣሩ፤ አንዱን ከሁለት ቀን በፊት፣ ሌላውን በጨዋታው ዕለት ጠዋት። የክለቡ የፌስቡክ ገጽ ጥሩ ምንጭ ነው፤ የደጋፊ ማኅበሩን አባል በስልክ መጠየቅ ደግሞ ይበልጣል።

ሰዓቱን ስታነቡ ተጠንቀቁ። «9:00» ከተባለ በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ነው፤ «15:00» የሚለውም ያው ነው። «3:00» ብቻ ተጽፎ ካያችሁ ግን ጠይቁ። አንድ ሜዳ ላይ በቀን ሁለት ሦስት ጨዋታ ሲኖር ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ የተለመደ ነው፤ ጸሐፊው በፈረንጅ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ማለቱም ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ባዶ ሜዳ ላይ የደረሰ ሰው አውቃለሁ።

«ባለሜዳ» የሚለው ቃልም ሊያሳስት ይችላል። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ የሚጫወቱበት ሆኗል፤ ከእሱ በታች ያሉ ውድድሮችም ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ ይካሄዳሉ። በእንዲህ ያለ ውድድር አንድ ቡድን በወረቀት ላይ ባለሜዳ ተብሎ ከከተማው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ሊጫወት ይችላል። ስለዚህ ከክለቡ ስም አጠገብ የስታዲየሙን ስም ፈልጉ። የራሳችን ክለብ በራሳችን ሜዳ የሚጫወትበት ቀን ከሆነ ሌላውን ቀጠሮ አስተላልፋችሁ ኑ። እንዲህ ያለ ቀን በዓመት ውስጥ ብዙ አይደለም።

በመጨረሻም መደበኛው 90 ደቂቃ በእኩል ውጤት ቢያልቅ ምን እንደሚሆን ጠይቁ። አንዳንዱ ውድድር 30 ደቂቃ ጨምሮ ያጫውታል፣ አንዳንዱ በቀጥታ ወደ መለያ ምት ይሄዳል። ይህ የውድድሩ ደንብ ጉዳይ ነው፤ እናንተን የሚመለከተው ደግሞ ወደ ቤት መመለሻችሁን ስለሚወስን ነው። ያን ከታች እመለስበታለሁ።

2. መንገዱንና ልብሱን አብራችሁ አስቡ

ደሴ ውስጥ ላለ ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ባጃጅ ይዞ «ሆጤ» ማለት ይበቃል። ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ግን ምክር አለኝ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሐረጎን እየተጠማዘዙ መውጣት ነው፤ ጉም በወረደ ቀን ሾፌሩ በዝግታ ስለሚነዳ ጨዋታው ከመጀመሩ ቢያንስ ከሁለት ሰዓት በፊት ተነሡ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ከታች በሸሚዝ ተነሥቶ ሆጤ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰው በየጨዋታው አያለሁ። ከሰዓት በኋላ ሞቅ ብሎ ቢያታልላችሁም ፀሐይዋ ወደ ጦሳ ተራራ ስትጠጋ ብርዱ በአንድ ጊዜ ይገባል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው አጋማሽ ገና መሐሉ ላይ ነው። ጃኬት ወይም ጋቢ ያዙ።

ጨዋታው ወልድያ ከሆነ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በውርጌሳና በመርሳ አድርጎ የሚሄድ መንገድ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የወልድያው ስታዲየም 25 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል፤ ስለዚህ ቦታ አጣለሁ ብላችሁ አትስጉ፤ የሚያሳስበው መመለሻው ነው። ከሰዓት የሚደረግ ጨዋታ አይታችሁ በዚያው ምሽት ደሴ እገባለሁ ብላችሁ አትነሡ። ማደሪያ አዘጋጁ፤ የመንገዱንም ሁኔታ ከመነሣታችሁ በፊት ሰሞኑን ከተመላለሱ ሾፌሮች ጠይቁ። መንገዱ አያስተማምንም ካሏችሁ ቅሩ።

የምትይዙት ነገር ጥቂት ይሁን፦ መታወቂያ፣ ዝርዝር ብር፣ ኮፍያ፣ ከዝናብ የሚከላከል ላስቲክ፣ በሲሚንቶው ላይ የምትቀመጡበት ካርቶን። በበልግ ወራት፣ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ሰማዩ ጠርቶ ቢያድርም ላስቲኩን አትተዉ። ጃንጥላ ግን አልመክርም፤ ከኋላችሁ የተቀመጠውን ሰው ዐይን ይጋርዳል። ዱላ፣ ስለትና የውኃ ጠርሙስ በር ላይ ስለሚያዙ ቤት ተዉአቸው። ከዘራ የሚደገፉ አባት ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ ለፈታሹ አስቀድማችሁ በትሕትና አስረዱ፤ በሰልፉ መሐል ክርክር ከመግባት ይሻላል።

3. ትኬት ቁረጡ

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ የምለው ግን ከልቤ ነው። ትኬቱን ከመስኮቱ ግዙ፣ ማኅተም እንዳለበት እዩ፣ እስክትወጡ ድረስ ኪሳችሁ ውስጥ አኑሩት። ጥላ ፎቅ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ከዝናብ ያድናል፤ የቀረው ቦታ በርካሽ ይገኛል። በር ጠባቂውን ስለምታውቁት ብቻ በነጻ አትግቡ። ትልቅ ክለብ ከስፖንሰርና ከቴሌቪዥን ገቢ ያገኛል፤ ለታችኛው ሊግ ክለብ ግን የበሩ ገንዘብ የኳስ፣ የመለያና የአውቶቡስ ነዳጅ መሸፈኛ ነው። «ክለባችን ተዳከመ» እያለ ካፌ ውስጥ የሚያዝን ሰው መጀመሪያ የቆረጠውን ትኬት ያሳየኝ።

4. ቦታችሁን ምረጡ

ከታችኛው ሊግ ጨዋታ ትልቁ ጸጋ ቅርበቱ ነው። ቀድማችሁ፣ ቢቻል ከ45 ደቂቃ በፊት፣ ከገባችሁ ቦታ የመምረጥ ዕድል አላችሁ።

ጨዋታውን በሚገባ መረዳት የሚፈልግ ሰው ከመሐል መስመሩ ትይዩ፣ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ቡድኑ ሲጠቃ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ኳስ ሲያገኝ እንዴት እንደሚበተን ከዚያ ይታያል። እኔ ግን የምወደው ከተቀያሪ ወንበሩ ጀርባ ያለውን ቦታ ነው። አሠልጣኙ «መስመርህን ያዝ!» ሲል፣ አምበሉ ተከላካዮቹን እየጠራ ወደ ፊት ሲገፋቸው፣ ወጌሻው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲሮጥ በጆሯችሁ ትሰማላችሁ። የበረኛው ጥሪ ሳይቀር ይደርሳችኋል። በቴሌቪዥን ሃያ ዓመት ያየሁት ኳስ ተጫዋቾች በሜዳ ላይ ይህን ያህል እንደሚነጋገሩ አልነገረኝም፤ የተማርኩት እዚያ ቦታ ላይ ቆሜ ነው።

ጎል ብቻ ለማየት የሚቸኩል ከግቡ ጀርባ ይሁን፤ ቡድናችን በሁለተኛው አጋማሽ ወደየትኛው ግብ እንደሚያጠቃ አስልቶ ይምረጥ። የከሰዓቷ ፀሐይ ከጦሳ በኩል እንደምትመጣም አትርሱ፤ ጀርባችሁን ለእሷ ሰጥታችሁ ብትቀመጡ ዐይናችሁ ያርፋል።

ባዶ የሚመስል ቦታ ሁሉ ባዶ አይደለም። ለዓመታት በአንድ ቦታ ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች አሉ። «ጋሼ፣ እዚህ ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ካርቶናቸውን ጠጋ አድርገው ያስቀምጧችኋል፤ ከዚያ በኋላ የምትሰሙት ነገር የትኬቱን ዋጋ እጥፍ ይከፍላል። የትኛው ተጫዋች የማን ልጅ እንደሆነ፣ በየትኛው ሰፈር ሜዳ እንዳደገ፣ ግራ እግሩን መቼ እንደታመመ ከእነሱ ሌላ የሚነግራችሁ የለም።

ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ከመውጫው በር ሳትርቁ ተቀመጡ፤ ስልክ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ ክተቱለት፤ ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ እጁን ይዛችሁ አሳዩት።

5. ያለ ተንታኝና ያለ ድጋሚ ምስል ማየትን ተለማመዱ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ጎሉ ሲቆጠር ለሰላምታ ዞር ብላችሁ ከነበረ አመለጣችሁ ማለት ነው፤ ድጋሚ የሚያሳያችሁ የለም። ስለዚህ ጥቂት ልማዶችን ያዙ።

ዳኛው ፊሽካ እንደነፋ ሰዓታችሁን ተመልከቱ። የሜዳ ሰዓት ከሌለ የቀረውን ደቂቃ የምታውቁት በዚህ ነው፤ የባከነውን ሰዓት ጭማሪ ደግሞ አራተኛው ዳኛ በሚያነሣው ሰሌዳ ታያላችሁ። መለያዎቹ ላይ ስም ስለማይኖር አሰላለፉ በድምፅ ማጉያ ሲነገር የአራት አምስት ተጫዋች ቁጥር በወረቀት ጻፉ፤ የበረኛው፣ የመሐል ተከላካዩ፣ የአማካዩና የአጥቂው ይበቃል።

በየአሥር ደቂቃው ለጥቂት ጊዜ ዐይናችሁን ከኳሱ አንሡና ኳስ ያልያዘውን አጥቂ ተከተሉ። ተከላካዩን እየጎተተ ለጓደኛው ቦታ ሲከፍት ታያላችሁ። ካሜራ ኳሱን ስለሚከተል ይህን ቤት ተቀምጦ ማየት አይቻልም።

ከፍታውንም አስቡት። በደሴ ስስ አየር ኳስ ከቆላ ይልቅ ፈጥኖና ርቆ ይሄዳል፤ ከሩቅ የተመታ ኳስ በረኛውን አልፎ ሲሄድ ጥፋቱ ሁሉ የእሱ አይደለም። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ቡድን በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ቢያይል አትደናገጡ፤ ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ትንፋሹን ተመልከቱ። ደካማ የተባለው ቡድን በጥሎ ማለፍ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው፤ ተሰብስቦ ተከላክሎ ይቆይና አንዲት የማዕዘን ምት ወይም ቅጣት ምት ይጠብቃል። የማዕዘን ምት በተገኘ ቁጥር ንግግራችሁን አቋርጡ።

ከጨዋታ ውጪ (ኦፍሳይድ) ስለሚባለው ውሳኔ አንድ ነገር ልበል። ከግቡ ጀርባ ተቀምጦ «አልነበረም!» ብሎ መጮኽ ለማንም አይጠቅምም። ረዳት ዳኛው በረኛው ተቆጥሮ ከመጨረሻው በፊት ካለው ተከላካይ ጋር በአንድ መስመር ላይ ቆሟል፤ እኛ ከዚያ መስመር ላይ አይደለንም። የምስል ረዳት የሌለው ዳኛ በአንድ ጊዜ እይታ ይወስናል፤ ይሳሳታልም። ስሕተቱን የሚጽፍ የጨዋታ ኮሚሽነር አለ።

6. ደግፉ፣ አታቁስሉ

ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ያፈለቀ አገር ለክለቡ የሚዘፍነው አያጣም። የሜዳውን ዝማሬ ባታውቁትም ጭብጨባውን ያዙ፣ ተቀባዩን ተከተሉ፤ በሁለተኛው ዙር ትይዙታላችሁ። ቡድናችን ጎል የገባበት ሰዓት ዝም የሚባልበት ሰዓት አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የማይሞላው ተከላካይ ተሳስቶ ራሱን ይዞ ሲቆም ከመቀመጫው «አብሽር!» የሚል አንድ ድምፅ ሲደርሰው ትከሻው ቀና ሲል አይቻለሁ። ይህች የወሎ ቃል ከስድብ ሁሉ ይልቅ ለጨዋታው ትጠቅማለች።

ብሔርን፣ ሃይማኖትንና እናትን የሚነካ ቃል ከአፋችሁ አይውጣ፤ አጠገባችሁ የሚል ካለም አትሣቁለት። የእንግዳው ቡድን ደጋፊ ሌሊቱን ተጉዞ የመጣ እንግዳ ነው፤ ወሎ እንግዳ የሚቀበልበትን ወግ ሜዳ ስለገባን የምናቆምበት ምክንያት የለም። ሜዳ ላይ የተወረወረ አንድ ጠርሙስም ክለቡን በገንዘብ ያስቀጣል፤ ቀጣዩን ጨዋታ በዝግ ስታዲየም እንዲያደርግ ሊያስፈርድበት ይችላል። ግርግር ከተነሣ ለማየት አትቅረቡ፤ ልጆችን ይዛችሁ ወደ መውጫው ፈቀቅ በሉና ሽማግሌዎቹና የጸጥታ ሰዎች ያረጋጉት።

7. ዕረፍት

አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። መጸዳጃ ቤት የሚያስፈልገው ሰው በ40ኛው ደቂቃ ላይ ይሂድ፤ ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ሰልፉ ረጅም ነው። ለውዝ፣ ቆሎና ሻይ በየመቀመጫው ይዞራል።

በ9 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ ዕረፍቱ ከዐስር ሶላት ጋር ይገጥማል። ካርቶናቸውን አንጥፈው ጥግ ላይ የሚሰግዱ ሰዎች ታያላችሁ፤ ቦታቸውን ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ይጠብቁላቸዋል። በፊታቸው አትለፉ፣ የእናንተም ጎረቤት ከተነሣ ቦታውን ጠብቁለት። በረመዳን ደግሞ ከጾመኛ አጠገብ ተቀምጦ ሻይ መጠጣት ነውር ነው፤ ጥማቱ ካስቸገራችሁ ራቅ ብላችሁ ጠጡ።

8. እስከ መጨረሻው ምት ቆዩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ሰው ይህን ይያዝ። በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ በግብጽ 2 ለ 1 እየተመራች እስከ 84ኛው ደቂቃ ደርሳ ነበር። በዚያች ደቂቃ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ፤ በጭማሪው 30 ደቂቃ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት፤ 4 ለ 2 አልቆ ዋንጫው እዚሁ ቀረ። በ80ኛው ደቂቃ ተስፋ ቆርጦ የወጣ ሰው የአገሩን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ድል ከበር ውጭ ሆኖ ሰምቷል ማለት ነው።

እኔም ይህ ደርሶብኛል። ቡድናችን 1 ለ 0 እየተመራ፣ የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ በ87ኛው ደቂቃ ላይ ወጣሁ። መናኸሪያ ሳልደርስ ከተማው በጩኸት ተናወጠ፤ አቻ ሆነን በመለያ ምት አለፍን። አንዱንም ምት አላየሁም። ስንት ዓመት አለፈ፣ አሁንም ሲወራ ዝም ብዬ እሰማለሁ እንጂ የምናገረው የለኝም። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ደንቡን ጠይቁ ያልኳችሁ። ጭማሪ ሰዓትና መለያ ምት ካለ ጨዋታው ከጀመረበት ሦስት ሰዓት ያህል መድቡ፤ መመለሻችሁን ከዘመድ ወይም ከባለ ባጃጅ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ባጃጅ በሰዓት ገደብ የሚሠራበት ወቅት ከሆነም ያንን አስቡ።

መለያ ምት ሲደርስ ዳኛው ሁለት ጊዜ ሳንቲም ይወረውራል፤ አንዱ የሚመታበትን ግብ፣ ሌላው ቀድሞ የሚመታውን ይወስናል። አምስት አምስት ይመታሉ፤ እኩል ከሆኑ አንድ በአንድ ይቀጥላሉ። ግቡ ከእናንተ በተቃራኒ በኩል ቢደርስ እየሮጣችሁ አትሂዱ፤ ደረጃው ላይ ሰው የሚረጋገጠው በዚህ ሰዓት ነው። ብናሸንፍም አጥር ዘላችሁ ሜዳ አትግቡ።

9. ስትወጡ

አሥር ደቂቃ ተቀመጡ፤ በሩ ይቀልላል። ተጫዋቾቹ ወደ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሲሄዱ ከአጠገባችሁ ያልፋሉ፤ ለእንግዶቹም አጨብጭቡ። ካርቶናችሁንና የለውዝ ልጣጩን አንሡ። ከበሩ ውጭ የደጋፊ ማኅበሩ ሰዎች መለያ ሲሸጡና አባል ሲመዘግቡ ካገኛችሁ ቁሙና አነጋግሩ፤ ስልካችሁን ስጧቸው። ካለፍን ደግሞ የቀጣዩ ዙር ዕጣ መቼ እንደሚወጣ፣ ሜዳው ሆጤ ይሁን ሌላ ከተማ፣ አውቶቡስ ይዘጋጅ እንደሆነ እዚያው ጠይቁ። በአውቶቡሱ ላይ ቦታ የሚያዘው በዚያው ምሽት ነው።